የቆጡን በብብት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ አንበሳ የነዳሁ፣
ዛሬ ዶሮ ፈርቼ፣ በሬን በላዬ ዘጋሁ።

ሰፈሩም ስም አለው፤ ዶሮ ማነቂያ ይባላል፤
እኛ ግቢ ግን ዘንድሮ፣ ዶሮው ሰውን ያንቃል።
ገብስማ ነው ላባው፣ ቁንጮው ደም ያዘለ፣
በሰፈር ልጆች አፍ፣ «ተራ አስከባሪ» የተባለ።
ሳይከፍል የሚያልፍ፣ በበሩ አይወድም፤
ሂሳቡም ደም ነው፣ ሳንቲም አይቀበልም።

ቆጣሪ አንባቢው፣ ደብተሩን ጥሎ ሮጠ፤
የትርሲት ልጅ ቃልአብ፣ ባቱን ተገሸለጠ።
እኔን ያገኘኝ ማታ፣ ጥሬ ይዤ ስወጣ፤
እንደ ወንጭፍ ድንጋይ፣ ከቆጡ ላይ መጣ።
አንድ ጊዜ በግራው፣ አንድ ጊዜ በቀኙ፣
የእግሩ እሾሆች፣ ሥጋዬን አገኙ።

መታሁት።
በመጥረጊያ፣ በጫማ፣ በባልዲ ክዳን፤
በመታሁት ቁጥር፣ ጨመረ ሥልጣን።
ስመታው ይጠጋል፣ ስሸሽ ያሳድዳል፤
ዱላዬን ግጥሚያ፣ ሽሽቴን ድል ይለዋል።

«ፋሲካ ቀርቧልኮ!» አለችኝ ትርሲት፤
«ዐሥራ ሁለት ብልት ነው፣ ምን ያደርጋል ትዕግሥት?»
ዘርጋው ግን ቢላውን፣ ከወዲሁ ሳለ፤
ስለቱ ድንጋይ ላይ ሲፏጭ፣ ዶሮው ኩኩሉ አለ።

ሄድሁኝ ወደ ሸምሱ፣ ዶሮውን ወደሸጠኝ፤
ነገሬን ሰምቶ ሳቀ፤ እንዲህም አጫወተኝ፦
«ስንት ሴት ዶሮ አለው?» — «ሁለት ቄብ ናቸው።»
«ሥራ ፈት አውራ ነዋ፣ ጋሼ፣ ያሳደግኸው!
አራት ጨምርለት፤ ገለባ ጣል፣ ጥሬ በትን፤
ጭሮ የሚውል እግር፣ አይመኝም ባትን።
ደግሞ አትምታው፤ ደግሞ ከፊቱ አትሩጥ፤
ሲመሽ፣ ጨለማ ሲይዘው፣ አንሳው ከቆጥ።
ክንፉን ሰብስበህ፣ በብብትህ ያዘው፤
ግቢውን ዙር ቀስ ብለህ፤ ቢታገልም አትልቀቀው።
ልቡ ሲሰክን ብቻ፣ መሬት አስቀምጠው።»

የቆጡን አወርድ ብላ፣ የብብቷን ጣለች ይላል ተረቱ።
እኔ ምን የምጥለው አለኝ?
መሪውን ካስረከብሁ ወዲህ፣ ብብቴ ባዶ ቤት ነው፤
የቆጡን አውርጄ፣ እዚያው ሸጎጥሁት።

ልቡ ይመታል፤
ጠዋት ብርድ ላይ፣ እምቢ እንደሚል ሞተር
ይንቀጠቀጣል፤
ቁጣ ያልሁት ሁሉ፣ ለካ ፍርሃት ነበር።
እኔስ ፒያሳ ላይ፣ ጥሩምባዬ ሲያንባርቅ
ስንት እግረኛ ሰደብሁ፣ መፍራቴን ሳላውቅ!

ዞርን። በቧንቧው በኩል፣ በልብስ መስጫው ሥር፣
በዘርጋው መስኮት ፊት፣ በፈረሰው አጥር፤
ከአጥሩ ወዲያ መንገድ፣ አዲስ መብራት በርቷል፤
ትናንት ጎረቤት ያልነው፣ ዛሬ ሜዳ ሆኗል።
በሦስተኛው ዙር ላይ፣ አንገቱ ለሰሰ፤
የዓይኑ ቆብ ከታች፣ ወደ ላይ ፈሰሰ።

ዐሥራ አንድ ማታ ዞርን።
ቃልአብንም መከርሁት፤ «ስታልፍ አትሩጥ» አልሁት፣
«ቁም፤ ጎንህን ስጠው፤ ዓይንህን አታፍጥበት።»

ከዚያ አንድ ረፋድ ጭልፊት፣ በጊዮርጊስ በኩል መጣ፤
ተራ አስከባሪ ጮኸ፤ ያው የድሮው ቁጣ!
ስድስቱም ሴቶች፣ ከባኞ ሥር ገቡ፤
ባዶ ሜዳ ላይ እርሱ፣ ቆመ ከነልቡ።
ጥላው መሬቱን ልሶ፣ ወደ ጣሪያው አለፈ።
ዘርጋው በመስኮት አየ፤ ምንም አልተናገረ፤
በዚያ በሳለው ቢላ፣ ቀይ ሽንኩርት መተረ።

ጨርሶ ጨዋ አልሆነም፤ አልዋሽም። ወሩ ሲገባ
ቆጣሪ አንባቢው ከውጭ፦ «ዶሮው ታስሯል? ልግባ?»
«ቆይ» እለዋለሁ፤ እስከ ቆጡ ሄጄ፣
«አሁን ግባ» እላለሁ፣ ተራ አስከባሪን ይዤ።
ቁጥሩን ይጽፋል እርሱ፣ አንድ ዓይኑን ዶሮው ላይ ጥሎ፤
ዶሮውም አንድ ዓይኑን፣ ሱሪው ላይ ተክሎ።